እጅም ይናገራል

አንባቢ ሆይ፤ ብዙ ሰዎች ምላሳቸውን ከስድብና ከሐሰት ለመጠበቅ ይተጋሉ፤ እጃቸው ግን የልባቸውን ክፋት በአደባባይ ሲናገር አያስተውሉትም። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6 ስለ ጠማማ ሰው ሲጽፍ አፉን ብቻ አልነቀፈም፤ ዓይኑንና እግሩን፥ ጣቱንም ከክፋቱ ምስክሮች ጋራ ቈጠራቸው። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 ስለ እውነተኛ ጾም ሲያስተምር፥ ቀንበርን ማስወገድንና ጣት መቀሰርን መተውን በአንድነት አዘዘ። ከሥጋና ከቅቤ የሚጾም በመካከላችን ብዙ ነው፤ ጣቱን የሚያስጾም ግን ማን ነው? አባቶቻችን ይህን ጣት ሌባ ጣት ብለው መጥራታቸው ያስገርማል፤ በእውነትም የባልንጀራን ክብር ከሩቅ ሆኖ ይሰርቃል። ድኻው በበር ሲያልፍ፥ ባለ ዕዳው በገበያ ሲታይ፥ ወደ እርሱ የተቀሰረች አንዲት ጣት አፍ ያላወጣውን ሐሜት ለሰው ሁሉ ታወራለች። ሐሜተኛውም ቢጠየቅ፥ እኔ ምን ተናገርሁ? ይላል።

በአገራችን መልካም የእጅ ልማድ አለ። ለሽማግሌ ዕቃ ስትሰጥ በሁለት እጅህ ትሰጣለህ፤ ወይም ቀኝህን ዘርግተህ በግራ እጅህ የቀኝ ክንድህን ትደግፋለህ። ከማዕድ ሳለህ ሰላም ሊልህ ለመጣው፥ እጅህ ወጥ ነክቶአልና ክንድህን ታቀርብለታለህ። ይህ ሁሉ ያለ ቃል የሚነገር ትሕትና ነው። ነገር ግን ለሹም ሁለት እጁን የዘረጋው ያው ሰው ለቤት ሠራተኛው ደመወዟን በግራ እጁ ሲወረውርላት አይተናል። አስተናጋጅን በጭብጨባ መጥራት የከተማ ልማድ ነውና አልነቅፈውም፤ አጨብጭቦ ከጠራ በኋላ ፊቱን ሳያይ በጣቱ ብቻ የሚያዝዘውን ግን እነቅፋለሁ።

ተማሪ ሆይ፤ የእጅ ምልክት በየአገሩ ልዩ ልዩ መሆኑን ዕወቅ። እኛ ሰውን ስንጠራ መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን ጣቶቻችንን እናጥፋለን፤ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ግን መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው በአንዲት ጣት ይጠራሉ። ይህ በእኛ ዘንድ ንቀት ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ክፉ አሳብ የለበትም። እንግዲህ ከመቈጣትህ አስቀድሞ ጠይቅ።

በእጃችን ከሁሉ ይልቅ የምንበድለው መስማት የተሳነውን ሰው ነው። ምልክቱን እያስመሰሉ የሚሥቁበት ጐልማሶች አሉ። የእርሱ የእጅ ንግግር ግን ጨዋታ አይደለም። በአሜሪካ በሃርትፎርድ ከተማ በ1817 እ.ኤ.አ. ቶማስ ጋላውዴት የሚባል ሰባኪ፥ ራሱ ከማይሰማው ከፈረንሳዊው መምህር ከሎራን ክሌር ጋራ ለእነዚህ ሰዎች ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዊሊያም ስቶኮ የሚባል መምህር የእጅ ቋንቋ እንደ ማናቸውም ቋንቋ ሥርዐት ያለው መሆኑን በጽሑፍ አስረዳ።

ጌታችን ያደረገውን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ተመልከት። የማይሰማውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ ለሰው መሳቂያ እንዳይሆን ይመስለኛል። ጣቶቹን በጆሮው አገባ፥ ምላሱንም ዳሰሰ። ቃል ለማይሰማው ሰው ሊያደርግለት ያለውን በእጁ ነገረው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ደግሞ የዘካርያስ ጎረቤቶች የልጁን ስም በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም ሰሌዳ ለምኖ ጻፈላቸው። አንተም እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥምህ በጆሮው አትጩኽበት፤ ፊት ለፊት ቁም፥ በዝግታ አመልክት፥ ፊደል የሚያውቅ ከሆነም ወረቀትና እርሳስ አቅርብለት።