መሪው ሲንቀጠቀጥ፦ የፒካፕ የፊት አካል ሳይንስና የላስታ ደጋ መንገዶች

ሙጃ በሰሜን ወሎ የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በምዕራብ ከላስታ፣ በደቡብ ከጉባ ላፍቶ፣ በምሥራቅ ደግሞ ከቆቦ ጋር ይዋሰናል። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚገኘው በዚሁ የደጋ ምድር ነው። ከዚህ ደጋ ተነሥቶ ወደ ቆቦ ሜዳ የሚወርድ ተሽከርካሪ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ አለበት። በእነዚህ መንገዶች ገብስና ስንዴ የሚያጓጉዘው፣ መንገደኛ የሚያመላልሰው፣ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው መኪና ብዙውን ጊዜ ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ነው።

በጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ሞተር ቢጠፋ ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ዳር ሊቆም ይችላል። የመሪ መገጣጠሚያ ቢለቅ ግን መኪናው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ሾፌሩ መሆኑ ይቀራል። ደግነቱ የፊት አካል ብልሽት ሳያስጠነቅቅ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት ነው። አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ ምልክቶቹን እንዴት እንደምናነብና ከእያንዳንዱ ምልክት በስተጀርባ ያለውን የፊዚክስ ሕግ እንመለከታለን።

የፊት አካል አሠራር

ላንድክሩዘር 70 ተብሎ የሚታወቀው ሞዴል ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የፊት ጎማዎቹ በአንድ ድፍን አክስል የተያያዙ ናቸው። ከባድ ሥራ የሚሠሩት ዓይነቶቹ እስከ 1999 ድረስ ከፊት ባሌስትራ ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ የፊቱ ባሌስትራ በጥቅልል ሞላ ተተክቷል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የተሠራው ሃይሉክስ ግን እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው በሁለት ክንዶች የተያዘ ነው። በድፍን አክስል ላይ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሌላውም አብሮ ያዘነብላል። ጎማዎቹ ለየብቻ በሆኑበት መኪና ይህ አይኖርም፤ ነገር ግን የሚያልቁ መገጣጠሚያዎች ቁጥር ይበዛል።

የሾፌሩ እጅ የሚሰጠው ትእዛዝ ወደ ጎማው የሚደርሰው በሰንሰለት ነው። ከመሪው ወደ መሪ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ወደ ክንድ፣ ከክንዱ ወደ ዘንጎች፣ ከዘንጎቹም ወደ ጎማው መዞሪያ አንጓ ይተላለፋል። ዘንጎቹ የሚገናኙት በጽዋ ውስጥ በሚዞሩ የብረት ኳሶች ነው፤ መካኒኮች ቴስቲኒ ይሏቸዋል። አቧራ መከላከያ ጎማቸው ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፣ ውኃና አሸዋ ይገባል፣ ኳሱም በጽዋው ውስጥ መላወስ ይጀምራል።

ትንሽ ልቀት ለምን ያሳስበናል? የመሪው ምጥጥን 18 ለ 1 ነው እንበል። ይህ ማለት ጎማው 1 ዲግሪ እንዲዞር መሪው 18 ዲግሪ መዞር አለበት ማለት ነው። የመሪው ዲያሜትር 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 126 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ 18 ዲግሪ በመሪው ጠርዝ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ መሪው ጎማውን ሳያንቀሳቅስ 6 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ ጎማዎቹ በ1 ዲግሪ ውስጥ ያለ ሾፌር ፈቃድ ወዲያና ወዲህ ሊሉ ይችላሉ።

ጎማ ለምን ቀጥ ብሎ ይሄዳል?

ብስክሌት የነዳ ሰው እጁን ለቅቆ ጥቂት መሄድ እንደሚቻል ያውቃል። ከምክንያቶቹ አንዱ የፊት ሹካው ዘንበል ማለቱ ነው። ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ መሬት ቢቀጠል፣ መሬት የሚነካው ጎማው ከሚያርፍበት ነጥብ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ጎማው ከመዞሪያው ኋላ ኋላ ይጎተታል፤ ቢዛነፍም ራሱን ያቀናል። ይህ ዝንባሌ ካስተር ይባላል፤ በመኪናም መጠኑ ጥቂት ዲግሪ ነው።

አሁን በአካባቢያችን የተለመደ አንድ አሠራር እንመልከት። ብዙ ጭነት ለመሸከም ሲባል በኋላ ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ንጣፍ ይገባል። ባዶው መኪና ከኋላ በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 3.18 ሜትር ስለሆነ (የባለ አንድ ጋቢናው ላንድክሩዘር ፒካፕ ልክ ይህ ነው) መኪናው በሞላው 0.9 ዲግሪ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ካስተሩም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ካስተሩ 3 ዲግሪ ብቻ የነበረ ቢሆን ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ባለቤቱ የኋላውን አጠነከርሁ ሲል መሪው በባዶ መኪና መቅበዝበዝ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጭነትና ቁልቁለት

ሁለት ተቃራኒ ነገሮች የፊት አክስሉን ይፈትኑታል። የመጀመሪያው ፍሬን ነው። ክብደቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሆነ ፒካፕ በመሬት ስበት ፍጥንጥነት ግማሽ ፍሬን ቢይዝና የክብደቱ ማእከል ከመሬት 0.8 ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን፣ ወደ ፊት የሚዛወረው ክብደት 3,000 × 0.5 × 0.8 ÷ 3.18፣ ማለትም 380 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በቁልቁለት በየጠመዝማዛው ይህ ሸክም የፊት ሞላውን፣ ቡኮላዎቹንና ኩሽኔታዎቹን ይጫናል።

ሁለተኛው የተሳሳተ አጫጫን ነው። የኋላ አክስል የሚዛን ምሰሶ ነው ብለን እናስብ። ከዚህ ምሰሶ 1 ሜትር ወደ ኋላ 300 ኪሎ ግራም እህል ብንጭን፣ ከፊት አክስል 300 × 1 ÷ 3.18፣ ማለትም 94 ኪሎ ግራም እናነሣለን። የፊት ጎማ መሬቱን የሚነክስበት ኃይል ይቀንሳል፤ መሪው ይቀልላል፤ መኪናው ግን ለመታጠፍ እንቢ ይላል። ከባዱ ጆንያ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ይጫን የሚባለው ስለዚህ ነው።

የመሪ ንዝረት

እያንዳንዱ አካል ሲነኩት የሚንቀጠቀጥበት የራሱ ድግግሞሽ አለው። ከውጭ የሚመጣው ግፊት በዚያው ድግግሞሽ ሲደጋገም ንዝረቱ እያደገ ይሄዳል፤ ይህ ሬዞናንስ ይባላል። ዲያሜትሩ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ዙሪያው 2.5 ሜትር ያህል ነው። የፊት አካሉ የራሱ ድግግሞሽ በሴኮንድ 7 ቢሆን፣ ሚዛኑ የተዛባ ጎማ በሴኮንድ 7 ጊዜ የሚዞርበት ፍጥነት 7 × 2.5 = 17.5 ሜትር በሴኮንድ፣ ማለትም በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በታችም ሆነ በላይ ይረግባል። እንዲህ ያለው ምልክት ወደ ጎማ ሚዛን ወይም ወደ ተጣመመ ቸርኬ ይጠቁማል።

ከዚህ የከፋው ሌላው ዓይነት ነው። መኪናው ጉድጓድ ይመታል፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች አንድ ላይ ግራና ቀኝ መወርወር ይጀምራሉ፤ ፍጥነቱ ቢቀንስም ቶሎ አይቆሙም። ይህ ንዝረት ኃይሉን የሚያገኘው ከራሱ ከመኪናው ጉዞ ነው። የሚነሣውም በመገጣጠሚያዎች መካከል ክፍተት ሲኖር ነው። እንዲህ ሲያጋጥም መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ ፍሬን ሳይደነግጡ በዝግታ ፍጥነት መቀነስና መቆም ይገባል።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ የመሪውን አሞርዛተር ብቻ ይቀይራሉ። ንዝረቱም ለጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። አሞርዛተር ግን የንዝረትን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል እንጂ ክፍተትን አይዘጋም። ያለቀው ቴስቲኒ በአዲሱ አሞርዛተር ተሸፍኖ ማለቁን ይቀጥላል፤ ምልክቱ ጠፋ፣ አደጋው ግን ቀረ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ በመጀመሪያ የጎማ ነፋስና ሚዛን፣ ቀጥሎ የጎማ ኩሽኔታ፣ የመዞሪያ አንጓው ኩሽኔታ፣ ቴስቲኒዎች፣ አክስሉን ከግራ ቀኝ እንቅስቃሴ የሚያግደው ዘንግ ቡኮላ፣ የመሪ ሳጥን፤ አሞርዛተር በመጨረሻ።

ጎማ የሚሰጠው ማስረጃ

ሁለቱም ጠርዞቹ ያለቁ ጎማ ነፋሱ አንሶ የተነዳ ነው፤ መካከሉ ያለቀው ነፋሱ በዝቶበት ነበር። አንድ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ጎማው ወደ ጎን አዘንብሏል፣ ወይም ከሌላው ጎማ ጋር ትይዩ አይደለም።

ትይዩነትን በሜትር ብቻ መገመት ይቻላል። በደልዳላ ቦታ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት በጎማው ወገብ ከፍታ ከፊት በኩል፣ ቀጥሎም ከኋላ በኩል እንለካለን። ልዩነቱ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ800 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ እያንዳንዱ ጎማ የሚዛነፈው 2.5 ÷ 800፣ ማለትም 0.003 ያህል ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎማው በየኪሎ ሜትሩ 3 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል ማለት ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 300 ሜትር ይሆናል። ትክክለኛው ልክ በአምራቹ መመሪያ የተጻፈው ነው።

ፍተሻ

ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። መኪናው ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማዎቹ ላይ ታኮ ተደርጎ በደልዳላ ስፍራ ይቁም። አንዱ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂቱ ያወዛውዛል፤ ሌላው ከፊት ሆኖ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ይመለከታል። አንዱ ወገን ሲንቀሳቀስ ሌላው ወገን ከዘገየ፣ ክፍተቱ እዚያ ነው።

ቀጥሎ ጎማው በክሪክ ይነሣና አክስሉ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ስንነቀንቀው ከተላወሰ የጎማ ወይም የመዞሪያ አንጓ ኩሽኔታ ያለቀ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘን ስንነቀንቀው ብቻ ከተላወሰ ጥርጣሬው ወደ ቴስቲኒ ያዘነብላል። በመዞሪያ አንጓው ላይ የፈሰሰ ዘይትና ግራሶ ካየን፣ ውስጡ ያለው ማጥበቂያ ተቀዷል።

ብየዳን በተመለከተ

የተሰነጠቀ የመሪ ዘንግ ወይም ክንድ በብየዳ መጠገን የለበትም። የመሪ ዘንግ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተደረገለት የሙቀት አያያዝ ነው። የብየዳው ሙቀት ከስፌቱ አጠገብ ያለውን ብረት ይለውጠዋል፤ አንዱን ስፍራ ያለሰልሳል፣ ሌላውን ተሰባሪ ያደርጋል። ከላይ ሲያዩት ጤነኛ የሚመስለው ዘንግ ከብዙ ሺህ ንቅናቄዎች በኋላ ድንገት ይቆረጣል። የጭነት ሳንዱቅ ብየዳና የመሪ ብየዳ አንድ አይደሉም። አዲሱ ቴስቲኒ ከተገጠመም በኋላ የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ መመለሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ዳዶው በንዝረት እንዳይፈታ የሚይዘው እርሱ ነው።

ራሳችንን እንፈትን

1. ዙሪያው 2.2 ሜትር የሆነ ጎማ ያለው መኪና በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ሲሄድ መሪው ይንቀጠቀጣል። የንዝረቱ ድግግሞሽ ስንት ነው?
2. በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት 3.18 ሜትር በሆነ ፒካፕ፣ ከኋላ አክስል 1.2 ሜትር ወደ ኋላ 300 ኪሎ ግራም ቢጫን የፊት አክስሉ ስንት ኪሎ ግራም ይቀልለዋል?

መልስ፦ 1) በሴኮንድ 7 ገደማ፤ 2) 113 ኪሎ ግራም ገደማ። ስሌቱን ከጨረሳችሁ በኋላ በሰፈራችሁ ፒካፕ የሚነዳ ሰው ካለ ፈቃዱን ጠይቃችሁ የመሪውን ባዶ እንቅስቃሴ በማስመሪያ ለኩለት። ከ6 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ከሆነ ወደ ቁልቁለቱ ከመውረዱ በፊት ጋራዥ እንዲያደርስ ንገሩት።