የእጅ ሰዓት ስለ ምን አልቀረም?

ስልክ ሰዓቱን እየነገረን የእጅ ሰዓት ማሰር ለጌጥ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። የእጅ ሰዓት በወንዶች ዘንድ የተስፋፋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት (ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ.) ነው፤ ይኸውም ወታደሩ በምሽግ ውስጥ ሆኖ የኪስ ሰዓት ማውጣት ስለ ተቸገረ ነበር። በስልክ ምክንያት እነሆ ወደ ኪስ ተመለስን። ዳሩ ግን የኪስ ሰዓት ጊዜን ብቻ ይናገር ነበር። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዳንዶቻችን ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን ለማየት በቅዳሴ መካከል ስልክ አወጣን፤ የመጣልንን መልእክት ስናነብ ወንጌሉ ተነብቦ አለፈ። ሰዓቱንም ሳናይ ስልኩን መለስነው!

የእጅ ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ከተሞላ፣ በጸሎተ ሠለስት፣ በቀትርና በተስዓት አጭሩ ቆጣሪ በቀኝ፣ በታችና በግራ ይቆማል። በፈረንጅ አቆጣጠር የሞላም አይቸገር፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ስለ ሆነ ከአጭሩ ቆጣሪ ትይዩ ያለውን ቁጥር ያንብብ። እርግጥ ቅዳሴው መቼ ያልቃል እያለ እጁን የሚያይም አለ፤ ይህ የሰዓቱ ጥፋት አይደለም። ከእኛ መካከል ሦስቱ ከዚያ ወዲህ ስልካቸውን ቤት ትተው ይመጣሉ።