በመዝገብ ያልሰፈሩት፦ ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ትምህርት

በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ድኽነትን ለመቀነስ በአካባቢ አስተዳደር ሊኖር ስለሚገባው አዲስ አሠራር ነው። አዲስ አሠራር ሲባል ብዙዎቻችን ኮምፒዩተርን ወይም ከውጭ የሚመጣ ገንዘብን እናስባለን። እኛ ግን እጅግ ተራ በሚመስል ነገር ላይ እናተኩራለን፤ እርሱም መዝገብ ነው።

በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 6 እንደምናገኘው፣ በኢየሩሳሌም የነበረችው ቤተ ክርስቲያን መበለቶችን በየዕለቱ ትረዳ ነበር። ምእመናን እየበዙ ሲሄዱ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻቸው ስለ ተዘነጉባቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት አቤቱታውን እንደ ዐመፅ አልቆጠሩትም፤ አቤት ባዮቹንም ታገሡ ብለው አላሰናበቷቸውም። ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የተመረጡትን ስም ልብ ብሎ ላነበበ ሰባቱም የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው፤ ኒቆላዎስማ የአንጾኪያ ሰው ነበር። የዕደላው ኃላፊነት ቅሬታ ላቀረበው ወገን የተሰጠ ይመስላል፤ ይህም ቀላል ውሳኔ አልነበረም። እኛ ዲያቆናት የምንጠራበት ማዕርግ ከዚህ አቤቱታ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ትግራይ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የገጠር መሬት ይዞታን በመመዝገብ ከክልሎች ሁሉ ቀዳሚ ነበረች። ሥራው ውድ መሣሪያ አልጠየቀም፤ በገመድ ልኬት፣ በጎረቤት ምስክርነትና በአንድ ገጽ ወረቀት ተከናወነ። ወጪው አነስተኛ ስለ ነበረም በአጭር ጊዜ ለአብዛኛው ገበሬ ደረሰ። ቤታቸውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ሴቶች በተለይ ተጠቀሙ፤ መሬቴን ለሌላ ብሰጥ ይወሰድብኛል የሚለው ስጋት ስለ ቀለለላቸው፣ በሬና ጉልበት ላለው ሰው ማከራየትን ደፈሩ። ሆኖም በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የቤቱ ኃላፊ ስም ነበርና ባል ባለበት ቤት የሚስት ስም አልገባም። ቆይቶ በአማራ ክልል የተጀመረው ምዝገባ ግን ባልና ሚስትን በጋራ፣ ከነፎቶግራፋቸው መዘገበ። ልዩነቱ በወረቀቱ ላይ የአንድ መስመር ነው፤ ትዳሯ ለፈረሰባት ሴት ግን ያ መስመር የዓመት ቀለቧ ነው።

በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ኋላም በ2009 ዓ.ም. መቐለን ጨምሮ በ11 ከተሞች የጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ከዚህ አንድ እርምጃ አልፈዋል። ተጠቃሚዎችን በመለየቱ ሥራ ኅብረተሰቡ ራሱ ይሳተፋል፤ ዝርዝሩ በይፋ ይገለጻል፤ የተዘነጋ ሰው አቤት የሚልበት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም ይቋቋማል። ከፕሮግራሙ ሁሉ ለእኛ የሚበልጥብን ይህ የመጨረሻው ነው። ስህተት የሌለበት ዝርዝር የለምና።

እንዳ ኢየሱስን ሰው የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በጥር 1888 ዓ.ም. ጣሊያን ተከቦ በለቀቀው ምሽግና በዩኒቨርሲቲው። በእነዚህ መካከል ግን ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛና ጉልት ላይ የምትውል እናት ይኖራሉ። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ወገኖች በመቐለ ትምህርት ቤቶች ሳይቀር ተጠልለው ኖረዋል። የተፈናቀለ ሰው ስሙ የቀረው ትቶት በመጣው ቀበሌና ደብር ነው። በሥጋም በመንፈስም ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ በየትኛውም መዝገባችን የለም፤ እንደ እነዚያ መበለቶች ማለት ነው።

ሰበካ ጉባኤ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በቃለ ዓዋዲ የሚመራ፣ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድነት የሚያስቀምጥ ጉባኤ ነው። መዝገብም አለው። ነገር ግን መዝገቡን በብዛት የምንገልጠው ዓመታዊ አስተዋጽኦ ለመሰብሰብ ስለሆነ፣ መክፈል ያልቻለው ድኻ ቀስ በቀስ ከዓይናችን ይጠፋል። ስለዚህ ከክፍያ ጋር ያልተያያዘ አንድ ልዩ ገጽ እንዲከፈት እንመክራለን፤ በደብሩ ዙሪያ የሚኖር ችግረኛ ሁሉ፣ የመጣበት ስፍራ ሳይጠየቅ፣ ይመዝገብበት። ገጹን ከሚይዙት መካከልም ቢያንስ አንዱ ከተፈናቃዮቹ ይሁን።

አንዳንድ አባቶች የድኻን ስም በአደባባይ ማንበብ ማዋረድ ነው ይላሉ፤ እኛም በዚህ እንስማማለን። ከዐውደ ምሕረት የሚነገረው የመመዝገቢያው መስፈርትና አቤቱታ የሚቀርብበት ቀን ይሁን፤ ስሙን የሚያዩት ገጹን የያዙት ብቻ ይሁኑ። ቅሬታ የሚሰሙትም መዝጋቢዎቹ ራሳቸው አይሁኑ።

ቀበሌው የተረጂዎችን ዝርዝር ሲያወጣ ከጉባኤው ሁለት ሰዎች ሄደው ከደብሩ ገጽ ጋር ያመሳክሩ። የጎደለ ሰው ሲያገኙ፣ ባለጉዳዩን አስፈቅደው፣ የአቤቱታው ጊዜ ሳያልፍ ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ግልባጩም በደብሩ መዝገብ ቤት ይቀመጥ።