ምዕራፍ ስምንት፦ ቀላል፣ ርካሽና የሚታመን የአንድ ሰው ድንኳን

ጓዙን ብስክሌቱ ላይ አስሮ ለቀናት የሚጓዝ ሰው ከሚገዛቸው ዕቃዎች ሁሉ ይበልጥ ሊያስብበት የሚገባው ድንኳኑ ነው። ምግብ በየመንገዱ ይገዛል፤ ልብስ ታጥቦ ይለበሳል። እኩለ ሌሊት ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን የሚያፈስ ድንኳን መተኪያ የለውም። ደግነቱ ጥሩ ድንኳን ለመያዝ ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ዛሬ ከ100 እስከ 250 ዶላር ባለው ዋጋ ዝናብ የሚችል፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም የማይዘል ድንኳን ይገኛል። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት ሻጩ በጻፈው የግራም ቁጥር ተማርከው ስለሚወስኑ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚመክረው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ብስክሌትዎን፣ ቀጥሎ የሚያድሩበትን ቦታ ይመልከቱ። ግራም የሚቆጠረው ከሁለቱ በኋላ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሺንግተን ዲሲ አካባቢ ያለ አንድ መንገድ እንውሰድ። የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ መንገድ ከጆርጅታውን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ ሜሪላንድ ውስጥ እስከምትገኘው ኩምበርላንድ ይዘልቃል። ርዝመቱ 184.5 ማይል ወይም 297 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሮ በቅሎዎች የጭነት ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ የአፈር መንገድ ስለሆነ ዳገቱ እምብዛም አይታወቅም። በየጥቂት ማይሉ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተዘጋጁ፣ ክፍያ የማይጠየቅባቸው የማደሪያ ቦታዎች አሉት፤ ቀድሞ የደረሰ ይሰፍርባቸዋል፣ በአንዱ ቦታ የሚፈቀደውም አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ከኩምበርላንድ በኋላ ደግሞ 150 ማይል የሚረዝመው የግሬት አሌጌኒ መንገድ እስከ ፒትስበርግ ያደርሳል። ለጀማሪ የሚመች መንገድ ነው፤ የድንኳን ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል እዚሁ መንገድ ላይ ይነሳሉ።

ብስክሌትዎን ይለኩ

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሜትር ይዘው ብስክሌትዎ አጠገብ ይቁሙ። ድንኳን ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው ከፊት፣ መሪው ላይ ነው። ጫፉ ወደ ታች የተጠማዘዘ የመንገድ ብስክሌት መሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የፍሬን መያዣውና እጅ የሚያርፍበት ቦታ ሲቀነስ ለጥቅሉ የሚተርፈው 30 ከምናምን ሴንቲ ሜትር ነው። ለእግር ተጓዥ የተሠሩ ድንኳኖች ምሰሶ ግን ታጥፎም ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ክብደቱ ቀሎ ሳለ ብስክሌቱ ላይ አልገጥም የሚል ድንኳን የሚገዛው ይህን ቀድሞ ባለመለካት ነው። የተራራ ብስክሌት መሪ ቀጥና ሰፊ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።

ቢግ አግነስን የመሳሰሉ ድርጅቶች ምሰሶው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር የሚታጠፍ፣ ለብስክሌት ተብሎ የተዘጋጀ ድንኳን ይሸጣሉ። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ርካሹ መፍትሔ ድንኳኑን ከነከረጢቱ ማሰሩን መተው ነው። ጨርቁን ለብቻው ጠቅልለው መሪው ላይ ይሰሩት፤ ምሰሶውንና ካስማዎቹን ደግሞ ቴላዮው መሐል በሚንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ይክተቱ፣ ወይም ከላይኛው ብረት ጎን ለጎን አጥብቀው ይሰሩ። ከባዱ ነገር ወደ መሐልና ወደ ታች ሲወርድ ብስክሌቱም ይረጋጋል።

ጥቅሉን ካሰሩ በኋላ መሪውን ግራና ቀኝ ያዙሩት፤ የፍሬን ገመዱ እንዳይጨመቅ ይዩ። ብስክሌትዎ የፊት ሞላ ካለው በሙሉ ክብደትዎ ይጫኑትና ጥቅሉ ጎማውን እንደማይነካ ያረጋግጡ። ቁልቁለት ላይ ጎማ የሚነካ ጥቅል ድንኳኑን ከመቅደዱም በላይ ሰውን ይጥላል።

ሙሉ ክብደቱን ይጠይቁ

አምራቾች ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ክብደት ይጽፋሉ። ትንሹ ቁጥር የጨርቁና የምሰሶው ብቻ ነው፤ ካስማው፣ ገመዱና ከረጢቱ አልተቆጠሩም። በሁለቱ መካከል ከ150 እስከ 300 ግራም ልዩነት ሊኖር ይችላል። ድንኳን ከድንኳን ሲያነጻጽሩ ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር ከትልቁ ጋር ያስተያዩ። ከሥር የሚነጠፍ ላስቲክ ወይም ለብቻው የሚገዛ ምሰሶ ካስፈለገም አብሮ ይደመር።

ቀጥሎ ቁጥሩን በልኩ ይመልከቱት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 14 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌትና 12 ኪሎ ጓዝ በድምሩ 96 ኪሎ ናቸው። 400 ግራም የሚቀል ድንኳን ከዚህ ላይ የሚቀንሰው ከግማሽ በመቶ በታች ነው። ጓዙን በጀርባው ለሚሸከም እግረኛ ይህ ልዩነት ትከሻው ላይ ይታወቀዋል። ብስክሌተኛ ግን ክብደቱን ጎማ ይሸከምለታልና ይበልጥ የሚያሳስበው የጥቅሉ መጠን ነው። ስለዚህ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ግራሞች ሁለት መቶና ሦስት መቶ ዶላር መጨመር ለአብዛኛው ብስክሌተኛ አይመከርም።

አንድ ድርብ ወይስ ሁለት ድርብ?

የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በትንፋሹና በቆዳው እርጥበት ያወጣል። ይህ ሞቃት እንፋሎት ቀዝቃዛውን የድንኳን ጨርቅ ሲነካ ወደ ውኃ ጠብታ ይለወጣል። ጠዋት ላይ ጨርቁን በውስጥ በኩል ረጥቦ ያገኘ ሰው ድንኳኑ ያፈሰሰ ይመስለዋል፤ ውኃው የመጣው ግን ከራሱ ነው። ባለ አንድ ድርብ ድንኳን ውስጥ ጭንቅላትና እግር ያንን እርጥብ ጨርቅ እየነኩ ያድራሉ፤ የላባ የመኝታ ከረጢት ሲረጥብ ደግሞ ሙቀት መያዙን ያቆማል። ባለ ሁለት ድርብ ድንኳን ከላይ ዝናብ የሚከላከል ሸራ፣ ከሥሩ እንደ አጎበር ያለ ውስጠኛ ክፍል አለው። ጠብታው በሸራው ላይ ወርዶ መሬት ይገባል፤ የተኛው ሰው አይነካውም።

በፖቶማክ ዳር የበጋው አየር ከባድና እርጥበት ያዘለ ነው። ትንኝ ይበዛል፤ ሣሩ ውስጥም መዥገር አለ። ለእንዲህ ያለው ቦታ ወለሉ ከመረቡ ጋር የተሰፋ ባለ ሁለት ድርብ ድንኳን ትክክለኛው ምርጫ ነው። ወደ አገር ቤት ደጋ ስንመጣ ጥያቄው ይለወጣል። በስሜን ተራሮች ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው፤ በደረቁ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። እዚያ ሙሉ በሙሉ መረብ የሆነ ውስጠኛ ክፍል ነፋስ ያስገባል። የታችኛው ግማሹ ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ፣ የላይኛው ግማሹ በመረብ የተሠራውን ይምረጡ።

የትኛውንም ድንኳን ቢይዙ ዝናብ ከሌለ በሩን በከፊል ይክፈቱ፤ አየር ማስወጫውንም አይዝጉ። ከውኃ ዳር ትንሽ ከፍ ብለው፣ ከተቻለም ዛፍ ሥር ይስፈሩ፤ ከመስፈርዎ በፊት ግን ሊወድቅ የደረሰ ደረቅ ቅርንጫፍ አለመኖሩን ቀና ብለው ያረጋግጡ።

በምን ይቆማል?

አንዳንድ ድንኳን በራሱ ምሰሶ ይቆማል፤ ካስማ የሚመታለት ነፋስ እንዳያንቀሳቅሰውና ሸራው እንዲወጠር ነው። ሌላው ዓይነት የእግረኛ ምርኩዝን ምሰሶ አድርጎ በካስማና በገመድ ብቻ ይወጠራል። ይህኛው ቀለል ይላል፣ ብዙ ጊዜም ይረክሳል። ብስክሌተኛ ግን ምርኩዝ አይዝም፤ ስለዚህ የሚታጠፍ የአሉሚኒየም ምሰሶ ለብቻው መግዛት አለበት። ከመግዛትዎ በፊት ድንኳኑ የሚፈልገውን ቁመት ያጣሩ፤ ብዙዎቹ ከ115 እስከ 125 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋሉ።

መሬቱንም ያስቡ። ሣርና ለስላሳ አፈር ካስማ በደንብ ይይዛል። ድንጋያማ ወይም በጠጠር የተደለደለ ቦታ ላይ ካስማ አልገባ ሊል ይችላል፤ ያኔ ገመዱን በትልቅ ድንጋይ ማሰር ግድ ነው። ልምድ የሌለው ሰው በጨለማና በዝናብ ሳይቸገር የሚተክለው በራሱ የሚቆመውን ነው።

ምሰሶው የፋይበርግላስ ከሆነ ይለፉት። ይከብዳል፣ ሲሰበርም ይሰነጠራል። አሉሚኒየም ቢጎብጥ እንኳ መንገድ ላይ ሊጠገን ይችላል።

ጨርቁን ማንበብ

መለያው ላይ የሚጻፈው ዲኒየር የክሩን ውፍረት ይነግራል፤ 9,000 ሜትር የሚረዝም ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ማለት ነው። ቀላል ድንኳኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዲኒየር ባለው ጨርቅ ይሠራሉ። በሚሊ ሜትር የሚጻፈው ሁለተኛው ቁጥር የውኃ መቋቋም መጠን ነው። 1,500 ሚሊ ሜትር ሲባል ጨርቁ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለውን የውኃ ዓምድ ግፊት ይችላል ማለት ነው። ለላይኛው ሸራ ይህ ይበቃል። ወለሉ ግን ጉልበትና ክርን ስለሚጫኑት ከዚያ ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ናይለን ጠንካራ ነው፤ ሲረጥብ ግን ይረግባል። የናይለን ድንኳን ያለው ሰው ዝናብ ሲጀምር ገመዶቹን እንደገና መወጠር ይኖርበታል። ፖሊስተር እምብዛም አይረግብም። የሲሊኮን ቅብ ዕድሜው ረጅም ነው። የፖሊዩሬቴን ቅብ ርካሽ ሆኖ ስፌቱ ፋብሪካ ውስጥ በቴፕ ሊታሸግ ይችላል፤ እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ግን ከዓመታት በኋላ ይጣበቃል፣ ይላጣል። ሁለቱም በኩል ሲሊኮን የተቀባ ጨርቅ ቴፕ አይዝም፤ ስፌቱን ገዢው ራሱ በሲሊኮን ማሸጊያ መቀባት ሊኖርበት ይችላል። ይህን ሻጩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ቁመትዎን አይርሱ

የድንኳን ግድግዳ ዘመም ስለሚል ወለሉ ላይ የሚጻፈው ርዝመት ሁሉ ለመተኛ አይሆንም። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ደግሞ ሰውነትን ከፍ አድርጎ ፊትን ወደ ዘመመው ግድግዳ ያቀርባል። ቁመትዎ 180 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከ220 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ወለል ይፈልጉ። ከፍታው ወደ 100 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ቁጭ ብለው ልብስ መቀየር ይችላሉ። ከበሩ ውጭ፣ ከሸራው ሥር የሚተርፈው ትንሽ ቦታም ጥቅሙ ብዙ ነው፤ የጭቃ ጫማና እርጥብ ቦርሳ እዚያ ያድራል።

ገንዘብዎን የት ያውሉት?

ኔቸርሃይክ የሚሠራው ክላውድ አፕ 1 ባለ ሁለት ድርብ ነው፣ የአሉሚኒየም ምሰሶ አለው፤ ከነሙሉ ዕቃው ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ስለሆነ ለጀማሪ ብስክሌተኛ ቀዳሚው አማራጭ ነው። ላንሻን 1 በአንድ ምርኩዝ ይቆማል፤ ያለ ምሰሶው አንድ ኪሎ ያህል ሆኖ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ150 ዶላር አይዘልም። ኤክስ ሚድ 1 የካናዳው ደርስተን ሥራ ነው፤ ሸራው ፖሊስተር፣ ድርቡ ሁለት፣ ክብደቱ ያለ ምሰሶ ከአንድ ኪሎ በታች ነው። ሁለት ምርኩዝ ይፈልጋል፤ ዋጋው 250 ዶላር አካባቢ ነው። ለብስክሌት ተብለው የተሠሩት የታወቁ ድንኳኖች አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ይወደዳሉ። ዋጋ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣልና የቅናሽ ጊዜ መጠበቅ ያዋጣል።

ያገለገለ ድንኳን ሲገዙ እዚያው ዘርግተው ይዩ። ዚፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ይክፈቱና ይዝጉ፤ ጨርቁ እጅ ላይ እንደማይጣበቅና የሻጋታ ሽታ እንደሌለው ያረጋግጡ፤ ምሰሶውን በሙሉ ይገጣጥሙ። አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ በቀላሉ ይገባል። ምርጫውን ግን ለዘመድዎ አይተዉ፤ የብስክሌትዎን ልክ፣ ቁመትዎንና የሚፈልጉትን ድንኳን ስም ጽፈው ይላኩለት።

ከመንገድ በፊት

ድንኳኑን መጀመሪያ ግቢዎ ውስጥ ይትከሉት። የውኃ ጎማ ይዘው ለግማሽ ሰዓት ያህል ይርጩትና ገብተው ስፌቱን በእጅዎ ይዳብሱ። ያፈሰሰውን ቦታ በማሸጊያ ቀብተው ያሳድሩት። ይህን ዝናብ ውስጥ ካደሩ በኋላ ማድረግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ከዚያ በዓይንዎ ሳያዩ፣ በእጅዎ ዳሰሳ ብቻ መትከል እስኪችሉ ይለማመዱ፤ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርሱት መሽቶ ነውና። ረጅሙን ጉዞ ከማሰብዎ በፊትም ለቤትዎ ቅርብ በሆነ ቦታ አንድ ሌሊት ይደሩ። ጠዋት የረጠበውን ሸራ ከደረቀው ዕቃ ለይተው ይሰሩ፤ ለምሳ ሲያርፉ ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ ቤት ሲመለሱም በደንብ ሳይደርቅ አያስቀምጡት።

እንግዲህ ውሳኔው ይህ ነው። የመጀመሪያ ድንኳንዎ ባለ ሁለት ድርብ፣ የአሉሚኒየም ምሰሶ ያለው፣ በሙሉ ክብደቱ ከ1.6 ኪሎ የማይበልጥና ተከፋፍሎ ብስክሌትዎ ላይ የሚታሰር ይሁን። ለዚህ ከ100 እስከ 150 ዶላር ይበቃዎታል። የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ ፍራሽና ለሞቃት የመኝታ ከረጢት ያውሉት፤ ሌሊቱን በሰላም ተኝቶ ያደረ ሰው በማግስቱ ብዙ ኪሎ ሜትር ይነዳል።