ከአልቶ ወደ ቴነር ሳክስፎን፦ አፋችንን እንዴት እናስተካክል?

ዛሬ ስለ ሳክስፎን ነው የማቀርብላችሁ፣ ያውም ስለ ትልቁ።

በሙዚቃ ክበባችን ሁለት አልቶና አንድ ቴነር አሉ። አልቶዎቹ እረፍት የላቸውም። ቴነሩ ግን የሚነፋው ልጅ 8ኛን ጨርሶ ከሄደ ወዲህ ሳጥኑ ውስጥ ነው። የሞከረው ሁሉ «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። እስከ ወላጆች በዓል የሚነፋው ካልተገኘ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል ተብሏል። እኔ እንደሚመስለኝ እቃው ደህና ነው፤ ልጆቹ የሚነፉት በአልቶ አፍ ስለሆነ ነው።

ሳክስፎንን የሠራው አዶልፍ ሳክስ የቤልጅየም ሰው ሲሆን በ1846 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ከትንሽ እስከ ትልቅ እንደ ቤተሰብ አድርጎ ስለሠራው የጣት አያያዙ በሁሉም ያው ነው። ስለዚህ የሚቸገረው አፍ ነው።

የቴነር ማውዝፒስ ከአልቶው ይረዝማል፣ ይወፍራልም። ሪዷም (ያቺ ከሸምበቆ የምትሠራው ስስ ነገር) ሰፋ ትላለች። ሰፊ ሪድ ለመርገብገብ ቦታ ትፈልጋለች። ጫፏን ብቻ ከያዝናት ድምፁ ይቀጥናል፣ ስለዚህ ትንሽ ጨምረን ወደ አፍ እናስገባለን። ምን ያህል? በሪዷና በማውዝፒሱ መካከል ቀጭን ወረቀት ቀስ ብላችሁ ብታስገቡ የሚቆምበት ቦታ አለ፤ የታችኛው ከንፈር እዚያ አካባቢ ይረፍ።

ዋናው ነገር አለመንከስ ነው። የላይኛው ጥርስ ማውዝፒሱ ላይ ያርፋል፣ የታችኛው ከንፈር ጥርሱን ሸፍኖ እንደ ትራስ ይሆናል፣ የከንፈር ጥጎች ይሰበሰባሉ። እስከዚህ እንደ አልቶ ነው። መንጋጋ ግን ላላ ይበል፣ «ኦ» ስትሉ እንደሚሆነው። ነክሶ የያዘ ሰው ላይኞቹን ኖታዎች ሊያወጣ ይችላል፤ ወደ ታችኛው ዶ ሲወርድ ግን ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ይዘላል። «ተበላሽቷል» ያስባለው ይኼ ነው። (ቁልፉ አየር ሲያሳልፍም እንዲህ ይሆናል፣ ግን መምህራችን ሲነፉት እስከ ታች ድረስ ይወጣል!)

አየሩስ? ሻይ ለማቀዝቀዝ «እፍ» እንላለን፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሲበርደን ደግሞ እጃችንን በ«ሃ» እናሞቃለን። ለቴነር የሚሆነው «ሃ» ነው፦ ጉሮሮ ከፈት ብሎ፣ አየሩ ብዙ ሆኖ፣ ከሆድ። መጀመሪያ ላይ ራስ ሊያዞር ይችላል፣ ያኔ አረፍ በሉ።

መሞከሪያም አለው። ማውዝፒሱን ብቻ ነፍታችሁ ከኪቦርድ ጋር አስተያዩት። ለአልቶ «ላ»፣ ለቴነር «ሶል» አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ከ«ሶል» በጣም ከወጣ እየነከሳችሁ ነው።

ቴነር ምን እንደሚችል መስማት የፈለገ በ2008 ዓ.ም. ያረፉትን ጌታቸው መኩሪያን ያዳምጥ። ሽለላን በቴነር ሲነፉት ሰው የሚፎክር ነው የሚመስለው።

መሞከር የምትፈልጉ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ክበቡ ክፍል ኑ። ማውዝፒሱ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ይሰጣችኋል፤ ሪድ ግን ለየራሳችሁ ይሁን።