ስለ ሁለት ጎተራዎች፦ ወፊቱና የዛፍ ሽኮኮው

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጌታችን ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ስላሰበው ባለጸጋ ካስተማረ በኋላ፣ ደቀ መዛሙርቱ ጎተራ የሌላቸውን ቁራዎች እንዲመለከቱ ይነግራቸዋል። ከቁራ ወገን ግን ጎተራ ያላትም አለች። እርሷም በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች የምትኖረው የክላርክ ናትክራከር ናት። ስሟ እ.ኤ.አ. በ1805 ካያትና ከመዘገባት ከአገር አሳሹ ከዊልያም ክላርክ የተወሰደ ነው። ድምጿ ሻካራ ቢሆንም የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ከዘማሪ ወፎች ክፍል ይመድቧታል።

በዚያው ደን የአሜሪካ ቀይ ሽኮኮ ይኖራል። (በመዝሙረ ዳዊት የተጠቀሰው፣ በዐለት የሚሸሸገው ሽኮኮ ሌላ ነው፤ ይህኛው ከአይጥ ወገን የሆነ፣ ጭራው ጎፈሬ የዛፍ ነዋሪ ነው።) ሁለቱም የሚሹት ባለ ነጭ ቅርፊት ፓይን የተባለውን ዛፍ ዘር ነው። የዚህ ዛፍ ፍሬ በስሎም በራሱ አይከፈትም፤ ዘሩም ክንፍ ስለሌለው ነፋስ አይወስደውም። እንግዲህ የሚከፍትለትና የሚዘራው ያስፈልገዋል።

ሽኮኮው ፍሬውን እንዳለ ቆርጦ ያወርድና በዛፍ ሥር፣ በቀዝቃዛና እርጥብ ስፍራ ይከምራል፤ ክምሩንም ከባልንጀሮቹ በጩኸት ይጠብቃል። ከዚያ የሚበቅለው እጅግ ጥቂት ነው። ወፊቱ ግን ፍሬውን በመንቁሯ ትፈለፍላለች። ከምላሷ በታች ያለው ከረጢት ከመቶ በላይ ዘር ሊይዝ ይችላል። ይህን ተሸክማ አንዳንዴ ብዙ ኪሎ ሜትር ትጓዝና ጥቂት ጥቂቱን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከአፈር በታች ትቀብራለች። በአንድ ወቅት የምትቀብረው በአሥር ሺህዎች ይቆጠራል። ቦታዎቹን በድንጋይና በግንድ ምልክትነት ከወራት በኋላ ታስታውሳለች፤ ጫጩቶቿንም ከዚሁ ትመግባለች። ካልተመለሰችበት ዘር ደን ይበቅላል።

ሰባክያን እዚህ ላይ ወፊቱን ጻድቅ፣ ሽኮኮውን ንፉግ ለማድረግ እንቸኩላለን። ተገቢ አይመስለኝም። ወፊቱም የቀበረችው ለራሷና ለጫጩቶቿ ነው፤ እንስሳም ኃጢአት የለበትም። ደግሞም የሽኮኮውን ክምር በየሎውስቶን አካባቢ ግሪዝሊ የተባለው ድብ ቆፍሮ ይበላዋል፤ ለክረምት እንቅልፉ ስብ ከሚያገኝባቸው ምግቦች አንዱ ነው። ልዩነታቸው የልብ ሳይሆን የአቀማመጥ ነው፤ አንዱ ይከምራል፣ አንዷ ትበትናለች።

ይህ ልዩነት ዛሬ ለዛፉ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ከአውሮፓ የገባ የፈንገስ በሽታ ዛፎቹን እየገደለ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2022 ዛፉን አደጋ ከተጋረጠባቸው ዝርያዎች መዝግቦታል። ፍሬው ሲሳሳ፣ ሽኮኮው ክልሉን ስለማይለቅ ብዙውን ቀድሞ ይወስዳል፤ ወፊቱ ወደ ሌላ ተራራ ትሄዳለች፤ የሚዘራም ይጠፋል። ስለዚህ የደን ባለሙያዎች በሽታውን በተቋቋሙት ዛፎች ላይ ወጥተው ገና ያልበሰለውን ፍሬ በሽቦ መረብ እየሸፈኑ ከሽኮኮውም ከወፊቱም ይጠብቁታል፤ ሲበስልም ዘሩን ሰብስበው ችግኝ ያፈላሉ።