ልቡናና ሕግ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት የተነሣ ጥያቄ



በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 2 የሚኖር ሰው ከሶማሌው፥ ከአፋሩ፥ ከዐረቡና ከኢትዮጵያ ከመጣው ጋር በአንድ መንገድ ይመላለሳል፤ ከአንድ ሱቅም ይገዛል። የአንዱ ጸሎት የሌላው አይደለም፤ የአንዱም አባቶች ልማድ ለሌላው እንግዳ ነው። የአገሩም ሕግ ከፈረንሳዮች ከተወረሰው ደንብ፥ ከእስልምና ሕግና ከየነገዱ ልማድ የተገኘ ነው። እንግዲህ በሃይማኖት የማይስማሙ ሰዎች «ይህ ትክክል ነው፤ ያ ግፍ ነው» ብለው በአንድነት የሚፈርዱበት ሚዛን ከወዴት ይገኛል? በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ጥያቄው የተነሣበት ዘመን

ጥያቄው የተነሣው ስለ ሃይማኖት ደም በሚፈስስበት ጊዜ ነው። በጀርመን አገር ከ1618 እስከ 1648 ድረስ የቆየው ጦርነት ካቶሊኮችንና ፕሮቴስታንቶችን አፋጀ። በዚያ ጦርነት መካከል፥ በ1625፥ ሆላንዳዊው ሁጎ ግሮትዩስ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ሕግ የጻፈውን መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። የተፈጥሮ ሕግ ከሰው አእምሮና አብሮ ከመኖር ባሕርዩ ስለሚመነጭ፥ እግዚአብሔር የለም ብንል እንኳ ሕጉ ኃይሉን አያጣም ሲል ጻፈ፤ እንዲህ ማለት ግን ታላቅ ኃጢአት መሆኑን በዚያው አልሸሸገም።

ከእርሱ በኋላ የሉተራን ቄስ ልጅ የሆነው ሳሙኤል ፑፈንዶርፍ በ1672 በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ ስለ ተፈጥሮና ስለ ሕዝቦች ሕግ ሰፊ መጽሐፍ አወጣ። ሰው ብቻውን ደካማ ስለ ሆነ ከባልንጀራው ጋር በሰላም መኖር ግዴታው ነው፤ ባልንጀራውንም በተፈጥሮ እኩያው እንደ ሆነ አድርጎ ሊይዘው ይገባል ብሎ አስተማረ። ላይብኒትስም ፍትሕን የጥበበኛ ሰው ፍቅር ነው ሲል ተረጐመው። በእርሱ አስተሳሰብ የመጀመሪያው ደረጃ ማንንም አለመጕዳት፥ ሁለተኛው ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት፥ ሦስተኛውም በቅንነትና በፈሪሃ እግዚአብሔር መኖር ነው። እነዚህ ሊቃውንት ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ ስለ አሕዛብ ሕሊና የተናገረውን ያውቁ ነበር።

2. የኢትዮጵያው ሐተታ

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያም ተመሳሳይ መከራ ነበረ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በግልጥ ስላሳወቁ ሕዝቡ ተከፋፈለ፤ ከብዙ ዕልቂትም በኋላ በ1632 መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

«ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የተባለው የግእዝ መጽሐፍ የሚተርከው ይህን ዘመን ነው። ይህ ዘርዓ ያዕቆብ በዚሁ ስም የሚታወቁት ንጉሥ አይደለም፤ በ1599 በአክሱም አጠገብ እንደ ተወለደ የሚነገርለት መምህር ነው። በሐሰት በንጉሡ ፊት ተከሰሰና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ሁለት ዓመትም በዋሻ ተቀመጠ። በዚያም ሁሉም የራሱን ሃይማኖት ብቻ እውነት ነው ሲል ማን ይፈርዳል? ብሎ ጠየቀ። መልሱም፥ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የልቡና ብርሃን ስለ ሰጠው የሰዎች ሥርዓት ሁሉ በዚያ ብርሃን ይመርመር የሚል ሆነ።

ስለ መጽሐፉ ጸሓፊ ክርክር አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ካፑቺን መነኵሴ ነው፤ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒም በ1920 ደራሲው ራሱ መነኵሴው ነው ብሎ ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ግን የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው የጸሓፊውን ማንነት ሳይሆን የመጽሐፉን አሳብ ነው።

3. ልቡና የሚፈተንበት ነገር

የነዚህን አሳቦች ክብደት ለመለካት የባርነትን ነገር እንመልከት። ታላቁ ግሮትዩስ ሰው ነፃነቱን በፈቃዱ ሊሸጥ ይችላል፥ በጦርነት የተማረከውም ባሪያ ሊሆን ይችላል አለ። ፍትሐ ነገሥትም ነፃነት ከተፈጥሮ ሕግ መሆኑን እየመሰከረ በጦር የተማረከው እንዲገዛ ፈቀደ። ሐተታው ግን ፈጣሪ ሰዎችን ሁሉ እንደ ወንድማማች እኩል አድርጎ ስለ ፈጠረ፥ ሰውን እንደ እንስሳ መግዛትና መሸጥ ከእርሱ የመጣ ሕግ ሊሆን አይችልም ይላል።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከሸዋ በኩል የተነዱ ባሮች በታጁራ ወደብ ወደ ዐረብ አገር ይጫኑ ነበር፤ ታጁራም ከጅቡቲ ከተማ ማዶ በዚያው ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ናት። ሻጮቹም ገዢዎቹም ሃይማኖትና ሕግ የሌላቸው ሰዎች አልነበሩም። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው።

እንግዲህ ልቡና ያለው ሰው እንዴት ይህን ያህል ሳተ? አእምሮ ብልህ ጠበቃ ነውና፥ ጥቅም ዳኛ ሆኖ በተቀመጠበት ስፍራ ለጥቅም ምክንያት አያጣም። ምርመራው ከጌታው ወገን ሲጀመር ሰንሰለቱ ትክክል መስሎ ይታያል፤ ከታሰረው ወገን ሲጀመር ግን ግፉ ይገለጣል።

ይህንንም ሐተታው በቤት ውስጥ ነገር ያሳየናል። ዘርዓ ያዕቆብ በእንፍራዝ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ልጆች እያስተማረ ሲኖር፥ የቤቱን አገልጋይ ሒሩትን ሊያገባ ፈለገ። ባለጸጋውም እንግዲህ የአንተ አገልጋይ ትሁን አለው። እርሱ ግን አገልጋይ ሳይሆን ሚስት እንድትሆነው እንደሚሻ፥ ባልና ሚስትም በጋብቻ እኩል መሆናቸውን መለሰ። የእርስዋንም ፈቃድ ጠየቀ።

ለጎረቤትነትም ሚዛኑ ይኸው ነው። የሃይማኖታችን ቃል ቢለያይም፥ የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝዋን በቀኑ ማግኘትዋ፥ የቀን ሠራተኛው አለመታለሉ፥ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውም እንግዳ አለመዘረፉ ሁላችንም ልንስማማበት የምንችል ነገር ነው። ሊከሰን በማይችል ሰው ላይ የምናደርገው ነገር ልቡናችን ለማን ጠበቃ እንደ ቆመ ይነግረናል።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

ሀ) ሃይማኖቱ ከእኛ ሃይማኖት ከተለየ ጎረቤት ጋር በየትኛው የፍትሕ ነገር እንስማማለን?

ለ) ፍትሐ ነገሥት ነፃነት ከተፈጥሮ ነው ካለ በኋላ ባርነትን መፍቀዱ ምን ያስተምረናል?

ሐ) በቤታችን ወይም በሥራችን ከእኛ በታች ያለው ሰው ይህን ትምህርት ቢያነብ ስለ እኛ ምን ይላል?